የከተማ ዳርቻ ባቡርን ማሻሻልና ለግል ማስተላለፍ፦ ከባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ባቡር ወሬ በተነሳ ቁጥር ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የሚመጡ ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

የከተማ ዳርቻ ባቡር ምንድን ነው? ከአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በምን ይለያል?

የዳርቻ ባቡር ከትልቅ ከተማ መሐል ተነስቶ በ20፣ በ40፣ አንዳንዴም በ60 ኪሎ ሜትር ርቀት ያሉ ከተሞችን የሚያገናኝ ነው። ጠዋት ሠራተኛና ተማሪ ያስገባል፣ ማታ ይመልሳል። ፌርማታዎቹ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ስለሚራራቁ ፍጥነት ማንሳት ይችላል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ግን ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይዘልቁ ሁለት መስመሮቹ ላይ 39 ፌርማታዎች አሉት፤ ሥራው በከተማው ውስጥ ሰው ማመላለስ ነው።

በባሕር ዳር ሲታይ፣ ከፔዳ እስከ አባይ ማዶ በከተማው ውስጥ የሚሄድ ባቡር ቀላል ባቡር ይባላል። ከጎረቤት ከተሞች፣ ከመራዊ ወይም ከሐሙሲት፣ ሰው የሚያስገባ ከሆነ የዳርቻ ባቡር ነው።

ባሕር ዳር ባቡር ሊገባላት ነው የሚባለው እውነት ነው?

እስካሁን ባሕር ዳር የደረሰ ሀዲድ የለም። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን በተሳለው አገር አቀፍ የባቡር ካርታ ላይ ወልድያን ከወረታና ከባሕር ዳር የሚያገናኝ መስመር ነበረ፤ ወሬው የሚነሳውም ከዚያ ነው። ግንባታ የተጀመረው ግን በምሥራቅ በኩል፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ በሚሄደው መስመር ነው።

ታዲያ ስለ ማሻሻልና ስለ ግል ኩባንያ አሁን ማውራት ምን ይረባል? ይረባል። ሌሎች ከተሞች ሀዲዱን ዘርግተው፣ አስረጅተው፣ ለኩባንያ ሰጥተው፣ አንዳንዶቹም መልሰው ነጥቀው አይተውታል። ሀዲድ ያልዘረጋ ከተማ ከነሱ ስህተት በነፃ መማር ይችላል።

የባቡር መስመርን "ማሻሻል" ሲባል ምን ምን ይሠራል?

ሥራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው፦ መጀመሪያ የውኃ መፋሰሻ፣ ከዚያ የአፈሩ መደብ፣ ጠጠሩ፣ ስሊፐሩ (ሀዲዱ የሚያርፍበት አግዳሚ)፣ ሀዲዱ፣ ሲግናሉና ኤሌክትሪኩ፤ ባቡሩ የሚገዛው በመጨረሻ ነው። ብዙ ቦታ የሚደረገው ተቃራኒው ነው። አዲስ ባቡር ሪባን ያስቆርጣል፤ ቱቦና ቦይ ማንም አያስመርቅም። በተጎዳ ሀዲድ ላይ የገባ አዲስ ባቡር ግን የፍጥነት ገደብ ስለሚጣልበት ከአሮጌው አይፈጥንም፣ ሱስታውና እግሩም (ብረት ጎማው) ቶሎ ይበላል።

መጠኑን ለመገመት ያህል፦ በሜትር 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሀዲድ ቢነጠፍ ለ1 ኪሎ ሜትር ነጠላ መስመር 120 ቶን ብረት ይገባል። ስሊፐር በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ስለሚቀመጥ 1,667 ገደማ ያስፈልጋል፤ አንዱ የኮንክሪት ስሊፐር ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከስሊፐሩ ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የተፈጨ ጠንካራ ድንጋይ ይደለደላል፤ ጎንና ጎኑ ተጨምሮ በኪሎ ሜትር ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ጥቁር ድንጋይ በጣና ዙሪያ ሞልቷል፣ በዚህ በኩል ችግር የለም።

ችግሩ ያለው ከድንጋዩ ሥር ነው። የአካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሀዲድ በቀጥታ ቢነጠፍበት ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጭቃው በባቡሩ ክብደት እየተረገጠ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሁለት ክረምት ውስጥ መስመሩ ሞገድ ይሠራል። መፍትሔው አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት (በተመረጠ ጠንካራ አፈር) መተካት ወይም በኖራ ማጠንከር፣ ከዚያ ጂኦቴክስታይል (አፈሩንና ጠጠሩን የሚለይ ጨርቅ) አንጥፎ በሁለቱም ጎን ጥልቅ ቦይ ማውጣት ነው። ወደ ወረታ ለሚሄድ መስመር ደግሞ የፎገራ ሜዳ ይጨመርበታል። ጉማራና ርብ ክረምት ሲሞሉ ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት መስመሩ በከፍታ መደብ ላይ ነው የሚሄደው። መደቡ በቂ የውኃ ማሳለፊያ ከሌለው ግድብ ይሆንና የገበሬውን ሩዝ ያሰምጣል። ማሳለፊያ ለመቀነስ የሚቀርብ ማንኛውም "የወጪ ቁጠባ" ሐሳብ በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ነጠላ ሀዲድ አይበቃም? ለምን ድርብ ይባላል?

በሰዓት ስንት ባቡር እንደሚፈለግ ታይቶ ነው። ከባሕር ዳር መራዊ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ ፌርማታዎቹን ጨምሮ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ አንድ ጉዞ 45 ደቂቃ ይፈጃል። በሁለቱም ጫፍ 15 ደቂቃ ለመመለሻ ሲሰጥ ሙሉ ዙሩ 120 ደቂቃ ነው። በየ30 ደቂቃው ባቡር እንዲኖር 4 ባቡሮችና ቢያንስ 1 መጠባበቂያ ያስፈልጋሉ። ባቡሮቹ በየ15 ደቂቃው፣ ማለትም በየ10 ኪሎ ሜትሩ ፊት ለፊት ስለሚገናኙ መሐል ላይ 3 መተላለፊያ ቦታ ይበቃል። በየ15 ደቂቃው ይሁን ከተባለ ግን መተላለፊያው 5፣ ባቡሩ 8 ይሆናል፤ ያኔ ድርቡን መዘርጋት ይሻላል።

ነጠላ ሀዲድ ሌላም ጣጣ አለው። ከመራዊ የተነሳው 5 ደቂቃ ቢዘገይ ከባሕር ዳር የተነሳውም ቆሞ ይጠብቀዋል፤ መዘግየቱ ከባቡር ወደ ባቡር እየተሻገረ እስከ ማታ ይቆያል።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። 300 ሰው የሚይዝ ባቡር በየ30 ደቂቃው ቢሄድ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 600 ሰው ነው። ይህ 12 ሰው የሚጭኑ 50 ሚኒባሶች፣ ወይም ከ10 የማይበልጡ ትልልቅ አውቶቡሶች የሚያነሱት ነው። ለ600 ሰው ሀዲድ መዘርጋት አያዋጣም። በሰዓት ብዙ ሺህ ሰው እስኪገኝ ድረስ ለባሕር ዳር የሚበጀው የራሱ መስመር ያለው አውቶቡስና ለወደፊት ሀዲድ በፕላን ላይ ተከብሮ የሚቆይ ባዶ መሬት ነው።

በአዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ሀዲድ መዘርጋት ይቻላል?

ግንቦት 3 ቀን 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ስፋቱን አይቶ ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። ስፋት ብቻውን መልስ አይሆንም። የቀላል ባቡር አንድ አክስል (ሁለት እግር የሚያያይዝ ዘንግ) ከ10 ቶን ትንሽ ከፍ ያለ ጭነት ሲያሳርፍ የትልቅ መስመር ሎኮሞቲቭ ከ20 ቶን በላይ ያሳርፋል፤ ባቡር ፍሬን ሲይዝ ድልድዩን በቁመቱ የሚገፋበት ኃይልም ከመኪና የተለየ ነው። ድልድዩ በሙቀት ሲረዝምና ሲያጥር ያለ ማጋጠሚያ የተበየደ ሀዲድ አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ልዩ መገጣጠሚያ ይጠይቃል። በቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ ባቡር ከሆነ ደግሞ ከሀዲዱ የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ይበላል። ለመንገድ የተሠራ ድልድይ የዲዛይኑ ሙሉ ስሌት ዳግም ሳይሠራ ባቡር አይጫንበትም፤ በተለምዶ ለባቡር ለብቻው ድልድይ ይሠራለታል።

ናፍታ ወይስ ኤሌክትሪክ? መብራት ሲጠፋስ?

ብዙ ባቡር ለሚመላለስበት መስመር ኤሌክትሪክ ይሻላል፤ ቶሎ ይነሳል፣ ነዳጅ ከውጭ አይጠብቅም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይሠራል፤ ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለሆነ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ሰብስቴሽን (የኃይል መቀበያ ጣቢያ) ይፈልጋል። የኢትዮ ጅቡቲው በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ስለሚሠራ ሰብስቴሽኖቹ በአሥራዎች ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ለ30 ኪሎ ሜትር ዳርቻ የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

"ጣና በለስ አጠገባችን ነው፣ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል" የሚለው ክርክር ነጥቡን ይስታል። ባቡር የሚያቆመው የማመንጫ እጥረት ሳይሆን የማከፋፈያ መስመር መቋረጥ ነው። መስመሩ ከሁለት የተለያዩ ጣቢያዎች ኃይል ካልተሳበለት በአንዱ ብልሽት ሁሉም ይቆማል። የመዳብ ሽቦ ስርቆትም ቀላል አይደለም፤ የሪዮ ዴ ጄኔሮን የዳርቻ ባቡር በተደጋጋሚ ካስቆሙት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ወደ ግል ማዛወር ማለት ባቡሩን መሸጥ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከቀላሉ ብንጀምር፣ በአስተዳደር ውል ኩባንያው በክፍያ ያንቀሳቅሳል፣ ንብረቱም ኪሳራውም የመንግሥት ነው፤ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር የቻይና ኩባንያዎች ያንቀሳቅሱት የነበረው በዚህ ዓይነት ውል ነው። በሁለተኛው ዓይነት ኩባንያው በሚያስኬደው ባቡርና በጥራቱ ልክ ይከፈለዋል፣ የቲኬቱ ገንዘብ ግን በቀጥታ ወደ ከተማው ይገባል። ኦቨርግራውንድ የተባለው የለንደን ባቡር ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። በሦስተኛው ኩባንያው ቲኬቱን ራሱ ይሰበስባል፣ ሰው ቢቀንስ ይከስራል፣ ቢበዛ ያተርፋል። ሙሉ ሽያጭ የመጨረሻው ነው፤ ለዳርቻ ባቡር እምብዛም አይደረግም።

የተሳፋሪው ቁጥር ገና በውል ለማይታወቅበት ከተማ ሁለተኛው ይመረጣል። ምን ያህል ሰው እንደሚሳፈር የሚወስኑት የከተማ ፕላን፣ የባጃጅና የታክሲ ታሪፍ፣ የመንገድ ሥራ ናቸው፤ አንዱም በኩባንያው እጅ የለም። ሊቆጣጠረው የማይችለውን ስጋት ያሸከሙት ኩባንያ ወይ ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል፣ ወይ ጥሎ ይሄዳል።

የግል ሲሆን ቲኬት ይወደዳል?

ታሪፍ የሚወስነው ውሉ ነው። በአብዛኞቹ ከተሞች ጣሪያውን መንግሥት ያስቀምጣል። የዳርቻ ባቡር በቲኬት ብቻ ወጪውን የሚሸፍንበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ቀሪው ድጎማ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ድጎማው በግልጽ ተጽፏል ወይ?" መሆን አለበት።

የአዲስ አበባው ባቡር ሲጀምር ቲኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ለተሳፋሪው መልካም ነው፤ ነገር ግን ዝቅተኛ ታሪፍ ተይዞ ለመለዋወጫ የሚሆን ቋሚ በጀት ካልተመደበ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ዴፖ ይቀራሉ፣ የቆመው ባቡር ዕቃ እየተፈታ ለሚሄደው ይገጠማል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙት ሥራ በጀመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ጠመዝማዛ የበዛበት መስመር የባቡሩን እግር ጠርዝ ቶሎ ስለሚሞርድ ዴፖው እግሩን ሳይፈታ ከሥር የሚያስተካክል ቶርኖ (የብረት መሞረጃ ማሽን) እና የተለዋጭ እግር ክምችት የግድ ይለዋል። ውል ሲጻፍ ከአዳዲስ ባቡሮች ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የቦነስ አይረስ ነገር ሁልጊዜ ይጠቀሳል። እዚያ ምን ሆነ?

አርጀንቲና የዋና ከተማዋን የዳርቻ መስመሮች በ1994 እና 1995 (እ.ኤ.አ.) ለኩባንያዎች በኮንሴሽን (ለተወሰነ ዘመን እንዲያንቀሳቅሱ በሚሰጥ ውል) ሰጠች። ጨረታውን የሚያሸንፈው አነስተኛ ድጎማ የጠየቀ ነበር። መጀመሪያ ሠራ፤ ባቡሮች ሰዓት ማክበር ጀመሩ፣ ሳይከፍል የሚሳፈረው ቀነሰ፣ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ የተሳፋሪው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ከዚያ የ2001 እና 2002 የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። የፔሶ ዋጋ ወደቀ፣ መንግሥት ታሪፉን አገደ፣ የኩባንያዎቹን የደሞዝና የነዳጅ ወጪ በድጎማ መሸፈን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የኩባንያው ገቢ ከተሳፋሪው ሳይሆን ከሚኒስቴሩ ሆነ፤ ባቡሩ ቢታደስ ባይታደስ ለኩባንያው ልዩነት የለውም። በውሉ የነበረው ኢንቨስትመንት ተራዘመ፣ ተቆጣጣሪው ሪፖርት ጻፈ፣ የሚሰማ ግን አልነበረም። የካቲት 22 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) በጠዋቱ ግርግር ሰዓት በሳርሚየንቶ መስመር ሰው የሞላው ባቡር ኦንሴ ጣቢያ ሲገባ ሳይቆም መጨረሻው ላይ ካለው ማገጃ ጋር ተጋጨ። 51 ሰዎች ሞቱ፣ ከ700 በላይ ቆሰሉ። ፉርጎዎቹ ግማሽ ምዕት ዓመት ያገለገሉ ነበሩ። ኮንሴሽኑ ተነጠቀ፤ ፍርድ ቤትም የኩባንያውን ኃላፊዎች ብቻ ሳይሆን የመንግሥት የትራንስፖርት ባለሥልጣናትንም ጥፋተኛ ብሏል።

ይህን ይዞ "የግል ሲሆን ሰው ይሞታል" ማለት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መካድ ነው። "ጥፋቱ የመንግሥት ታሪፍ ነው" ማለትም ባቡሩን በአግባቡ ያልጠገነውን ኩባንያ መከላከል ነው። የተበላሸው መሐል ላይ ነው፦ ታሪፉ ሲታገድ ጥገናውን ማን ይከፍላል የሚለው መልስ አላገኘም፤ የተቆጣጣሪው ሪፖርትም ባቡር የማቆም ኃይል አልነበረውም።

ሀዲዱን አንድ ድርጅት፣ ባቡሩን ሌላ ቢይዘው አይሻልም?

ብሪታንያ ሞክራዋለች። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሀዲዱ ሬይልትራክ ለተባለ ኩባንያ ሄደ፣ አክሲዮኑም በ1996 ተሸጠ፤ ባቡሮቹ ለሌሎች። ሬይልትራክ ጥገናውን ለኮንትራክተሮች ሰጥቶ ስለ ራሱ ሀዲድ ያለው ዕውቀት ሳሳ። ጥቅምት 2000 (እ.ኤ.አ.) ሃትፊልድ አጠገብ የተሰነጠቀ ሀዲድ ተሰብሮ 4 ሰዎች ሲሞቱ ተመሳሳይ ስንጥቅ የት የት እንዳለ በውል የሚያውቅ ስላልነበረ በመላ አገሪቱ የፍጥነት ገደብ ተጣለ። ኩባንያው በዓመቱ ፈረሰ፤ በ2002 ሀዲዱን ኔትወርክ ሬይል ተረከበው። ጃፓን በ1987 (እ.ኤ.አ.) የመንግሥቱን ባቡር ስትከፋፍል በክልል ነው የቆረጠችው፤ የመንገደኛ ኩባንያዎቹ የየራሳቸውን ሀዲድ ይዘዋል።

ለአንድ አጭር የዳርቻ መስመር ሀዲዱንና ባቡሩን መለያየቱ ትርጉም የለውም። እግሩ ሀዲዱን ይበላል፣ ሀዲዱ እግሩን ይበላል፤ ሁለቱን አንድ አካል ካልጠገናቸው አንዱ በሌላው እያሳበበ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይኖራሉ።

ሰዓት ካላከበረ ይቀጣ ቢባል አይበቃም?

ቅጣቱ በምን እንደሚለካ ነው ቁም ነገሩ። በሜልቦርን ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ የደረሰበት ሰዓት ሲለካ፣ ዘግይተው የነበሩ ባቡሮች ሰዓቱን ለማካካስ ፌርማታ እየዘለሉ ማለፍ ጀመሩ። ቁጥሩ አማረ፣ ተሳፋሪው ፌርማታ ላይ ቀረ። በመራዊ መስመር ቢሆን በመንገዱ ላይ ባለችው መሸንቲ የቆመው ሰው ባቡሩ ሲያልፈው ያያል ማለት ነው። ስለዚህ በየፌርማታው ይለካ፤ የተዘለለ ፌርማታ እንደተሰረዘ ጉዞ ይቆጠር። መረጃውንም ኩባንያው ሳይሆን ከሲግናሉ በቀጥታ ከተማው ይውሰድ።

በአገራችን ሕግ ማን ይፈርማል? መሬቱስ?

መነሻው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ነው፤ ፕሮጀክቱ በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ባለው አሠራርና ቦርድ ያልፋል። ለመስመሩ ተነሺ የሚሆኑ ሰዎች ካሳ በአዋጅ 1161/2011 ይታያል። የጣና ዙሪያ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ክልል) ስለሆነ በሐይቁ ዳር፣ ለምሳሌ ወደ ዘጌ፣ መስመር መሳብ ከአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ጋር ያጋጫል፤ የተሻለው ከሐይቁ መራቅ ነው።

ሆንግ ኮንግ በጣቢያ ላይ ሕንፃ ገንብታ ባቡሩን ትደጉማለች፣ እኛስ? የሚል ይኖራል። በኛ መሬት በሊዝ ስለሚተላለፍ የሚሠራው ከጣቢያው ዙሪያ ያለው መሬት መስመሩ ከመታወጁ በፊት በከተማው እጅ ከቆየ ብቻ ነው። ወሬው ቀድሞ ከወጣ ትርፉን ደላላ ይወስደዋል።

የብር ዋጋ ቢወርድ ማን ይከስራል?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ተሳፋሪ በብር ይከፍላል፤ ፉርጎ፣ ሲግናልና የፍሬን ዕቃ በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ሙሉ ስጋቱን ኩባንያው ይሸከም ቢባል ከመጀመሪያው ጨረታ አይገባም፣ ከገባም ስጋቱን ዋጋ ላይ ደርቦ ነው። ሙሉውን ከተማው ይሸከም ቢባል አንድ ውሳኔ የዓመት በጀት ይበላል።

የሚሠራው ወጪውን ለሁለት መከፋፈል ነው። ደሞዝ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጽዳት በብር ይተመንና በአገር ውስጥ የዋጋ ንረት ይስተካከል። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዝርዝሩ በውሉ አባሪ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ለሱ ብቻ የምንዛሬ ማስተካከያ ይደረግ፣ ማስተካከያውም ጣሪያ ይኑረው። የሁለት ዓመት መለዋወጫ ከባቡሩ ግዢ ጋር አብሮ እንዲገባ ማድረግም ከየትኛውም የፋይናንስ ብልሃት በላይ ያድናል።

ኩባንያው መሐል ላይ ጥሎ ቢሄድስ?

ይሄዳል ብሎ መጻፍ ነው። ሜልቦርን ውስጥ ናሽናል ኤክስፕረስ የተባለው ኩባንያ በ2002 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ ውሉ በተጀመረ በ3 ዓመቱ ትቶ ወጣ፤ የሪዮን የዳርቻ ባቡር ያንቀሳቅስ የነበረው ሱፐርቪያ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። ባቡሩ ግን በማግሥቱ መሄድ አለበት። ለዚህ ውሉ ሦስት ነገሮች ሊጎድሉት አይገባም። የመጀመሪያው ያለ ክርክር ከባንክ የሚወጣ የአፈጻጸም ዋስትና ነው። ሌላው ባቡሮቹ፣ ዴፖውና የጥገና ሶፍትዌሩ በከተማው ስም መሆናቸው ነው፤ ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ የይለፍ ቃሉ ከኩባንያው ጋር ሲሄድ ባቡሩ ብረት ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው ከማስረከቢያው ከሦስት ዓመት በፊት የሚጀመር የጋራ ፍተሻ ነው፦ የሀዲዱ ውፍረት፣ የእግሮቹ ዲያሜትር፣ የጠጠሩ ንጽሕና ተለክቶ በጎደለው ልክ ክፍያ ይያዛል። ፍተሻው በመጨረሻው ወር ከተደረገ የሚያዝ ክፍያ አይኖርም፣ የሚገኘው ያለቀ ሀዲድና የተዘጋ ቢሮ ነው።